ላስታ መንገድ በሆነች ጊዜ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የተጻፉት ወፋፍራም መጻሕፍት ሲጨመቁ ይህንኑ አባባል ወይ ይደግፋሉ፣ ወይ ይቃወማሉ። መንግሥታት ከሩቅ ወዳጅ ይሻላቸዋል ወይስ ከቅርብ ጎረቤት? ሩቁ ወዳጅ በክፉ ቀን ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን ገና በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አምስት ቃላት ጻፉ፦ ሉዓላዊነት፣ እውቅና፣ የኃይል ሚዛን፣ የጋራ ደኅንነት፣ ዕርዳታ። ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ያንተን የብልባላ ገበሬ ምን አገባው?» አለኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም። ማታ ጋደም ብዬ ሳወጣ ሳወርደው ግን አምስቱም ቃላት በአገሬ ተራሮች ላይ በእግራቸው ያለፉ ሆነው አገኘኋቸው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጓደኛዬ የዘገየ መልስ ነው። አንባቢም ገብቶበት ይፍረደን።

ሀ. ሉዓላዊነት

ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ብልባላ ጊዮርጊስ፣ ብልባላ ቂርቆስ፣ አርባቱ እንስሳ። ራቅ ብሎ ደግሞ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የታነፀው የምርሃነ ክርስቶስ ይገኛል። እንግዳ ሰው መጥቶ ይህን ገደልና ተራራ ሲያይ፣ «እዚህ የኖረ ሕዝብ ከዓለም ተለይቶ የኖረ ነው» ይላል። ስሕተት ነው። ከየምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ በስተኋላ የብዙ ሰው አፅም ተከማችቷል። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው እነዚያ ሰዎች ከግብፅና ከሶርያ፣ ሌሎችም ከሩቅ አገር ለመሳለም የመጡና እዚያው ሞተው የተቀበሩ ናቸው። ላሊበላ ብትሄድ ደግሞ ወንዙ ዮርዳኖስ ነው፤ ጎልጎታም አለ፤ ደብረ ዘይትም አለ። ብዙ ሰዎች ይህን ስያሜ ሳላሕ አድዲን በ1187 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢየሩሳሌምን ከያዘበት ዘመን ጋር ያያይዙታል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ያንን አለት የፈለፈለ ሰው የዓለምን ካርታ በልቡ ይዞ ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ሉዓላዊነትን ሲተነትኑ ከ1648 የዌስትፋልያ ውል ይጀምራሉ። በአውሮፓ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ካበቃ በኋላ መሳፍንቱ «እያንዳንዱ በግዛቱ ውስጥ የበላይ ነው፤ ሌላው እጁን አያስገባ» ወደሚል ስምምነት ተጠጉ። ስለዚህ ሉዓላዊነት ሁለት ፊት አለው። አንዱ ወደ ውስጥ ነው፤ በአገሩ ውስጥ ከእርሱ በላይ ሌላ አዛዥ የለም። ሁለተኛው ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚያዘው የለም።

የዛጉዌ ነገሥታት በሰይፍ ረገድ ይህን ሁሉ ነበሩ። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ነበረባቸው፤ እነርሱንም ከእነርሱ በኋላ የመጡትንም ነገሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ያስቸገረ ቀዳዳ። ጳጳሱ የሚሾመው ከእስክንድርያ ነበር። ጳጳስ ከሌለ ካህን አይካንም፤ ንጉሥም በወጉ አይቀባም። የግብፅ ገዥ ተቆጥቶ መንገዱን ከዘጋ አገሩ ያለ ጳጳስ ይቀራል። እንግዲህ ንጉሡ በራሱ አገር ላይ የበላይ ነው ስንል ዘይቱ የሚመጣው ከካይሮ መሆኑን አንርሳ። ይህ ነገር ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ1951 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የራስዋን ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስን፣ ስታገኝ ነው። ሉዓላዊነት በወረቀት ላይ ሙሉ ይመስላል፤ በኑሮ ሲመዘን ግን ሁልጊዜ የጎደለ ነገር አለበት።

ለ. እውቅና

አንድ መንግሥት ሕዝብ ቢኖረው፣ መሬት ቢኖረው፣ የሚያስተዳድር አካል ቢኖረው፣ ሌሎች መንግሥታት «አውቀንሃል» ካላሉት ደብዳቤው የትም አይደርስም። ይህን ከአፄ ቴዎድሮስ የበለጠ የቀመሰ የለም። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገብቶም መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንደ ንቀት ቆጠሩት። የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ዛሬ በሰላም ጊዜ አንድ ቢሮ አንድ ደብዳቤ ቢያዘገይ ተራ ነገር ይመስላል። የዚያኛው መዘግየት ግን ጦር አስከተለ።

በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ 13 ሺህ የሚሆን ጦር ይዞ ከዙላ ተነሣ። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ መጥተውለት ነበር። ወጪው ሲደመር ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። እስረኞችን ለማስፈታት እንጂ አገር ለመያዝ እንዳልመጣም አስነገረ። እንግዲህ መንገዱን ተመልከት፤ ከዙላ ወደ ሰንዓፌ፣ ከሰንዓፌ በትግራይ ወደ አሸንጌ ሐይቅ፣ ከአሸንጌ በዋግና በላስታ ተራሮች ወደ ተከዜ መነሻ፣ ከዚያ ወደ ዋድላና ደላንታ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ። ከብልባላ ወደ ምሥራቅ ያሉት ሸንተረሮች የዓለም ትልቁ መንግሥት መተላለፊያ ሆኑ ማለት ነው።

ይህን መንገድ የሚይዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። በሰሜኑ ጫፍ የትግራዩ ካሳ ምርጫ። በመካከሉ የዋግና የላስታው ጌታ ዋግሹም ጎበዜ። ጎበዜ አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ የሰቀሉበት፣ ዘሩን ከዛጉዌ የሚቆጥር ሰው ነው። የካሳን እኅት ድንቅነሽንም አግብቷል። ሁለቱ አማቾች ናቸው፤ ሁለቱም በቴዎድሮስ ላይ ሸፍተዋል፤ ሁለቱም ዘውዱን ይፈልጋሉ። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው በሚለው ሕግ ሁለቱም የናፒየርን ጦር አሳለፉት።

ሆኖም አንድ ልዩነት አለ፤ ታሪኩ ሁሉ ያለው በእርሱ ላይ ነው። ካሳ በየካቲት ወር ከናፒየር ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ፤ እህልና ከብት አቀረበ፤ መንገዱን ጠበቀ፤ ዋጋውንም አስቀድሞ ተነጋገረ። ጎበዜ ግን ጦሩ ሲያልፍ አልከለከለም፤ ሰዎቹም ተባበሩ፤ እርሱ ራሱ በሌላ ግንባር ተጠምዶ ነበር። በዛሬው አነጋገር አንዱ የጦር ጓድ፣ ሁለተኛው በጎ ገለልተኛ ሆኑ ልንል እንችላለን። የጦር ጓድ ሒሳብ ይጠይቃል። በጎ ገለልተኛ ምስጋና ብቻ ይደርሰዋል።

ስለ ባላገሩስ? ናፒየር ዝርፊያ ከልክሎ እህሉንና ገለባውን በብር ይገዛ ነበር። ያ ብር ቪየና የተመታ፣ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች ወደ ዘጠና ዓመት እየሆናት ብሩ ያው ነው፤ ባላገሩም የጌጥዋን ነጥብ ሳያይ አይቀበልም። ለዚህ ዘመቻ ሲባል ብቻ ቪየና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አዲስ ብር መትታለች። ከአፋር ወጥቶ በሰቆጣ በኩል ወደ ላስታ የሚመጣው አሞሌ ጨው ባለበት ገበያ፣ አንድ ጠዋት የኦስትሪያ ብር ይዘው የህንድ ወታደሮች ቆሙ። የዓለም ገበያ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ እንዲህ ነበር። ገብሱን የሸጠው ገበሬ ብር አግኝቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ድርድር ውስጥ፣ «ጦሩ በመሬትህ ይለፍ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ አንድም ገባር የለም።

ሐ. የኃይል ሚዛን

መቅደላ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀች፤ አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን የብራና መጽሐፍ፣ ዘውድና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ሲመለስ ግን ለካሳ የገባውን ቃል ፈጸመ፤ 12 መድፎች፣ ወደ 850 የሚጠጋ ጠመንጃና ብዙ ጥይት ሰጠው። ከዘመቻው ጋር የመጣ ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊም ቀርቶ የካሳን ወታደሮች በአውሮፓ ሥርዓት አሠለጠነ።

የኃይል ሚዛን ማለት በመጽሐፍ ቋንቋ፣ ማንም አንዱ ሁሉን እንዳይውጥ ኃይላት እርስ በርስ ተመዛዝነው መቆማቸው ነው። ሚዛኑ የሚነካው በሁለት መንገድ ነው። ወይ የራስህን ክብደት ትጨምራለህ፣ ወይ ከውጭ ሰው መጥቶ በአንደኛው ወገን ድንጋይ ያስቀምጣል። በእኛ አገር የሆነው ሁለተኛው ነው። እንግሊዞች «በውስጥ ጉዳያችሁ አልገባንም» ብለው ሄዱ። ያንን ሁሉ መድፍ ለአንዱ ወገን ትቶ መሄድ ግን ገብቶ ከመቀመጥ የማይተናነስ ጣልቃ ገብነት ነው።

ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ጎንደር ላይ አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሱ። ዘር ነበራቸው፤ ብዙ ሠራዊት ነበራቸው። የጎደላቸው ሁለት ነገር ነው፤ መድፍና ጳጳስ። አቡነ ሰላማ በ1860 ሞተው ነበር። ካሳ ግን ብዙ ሺህ ብር ወደ ካይሮ ልኮ በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጣ። ከላይ የጠቀስኩት የጥንቱ ቀዳዳ እዚህ ላይ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። አንዱ እጅ ከለንደን መድፍ፣ ሁለተኛው እጅ ከእስክንድርያ ቅባት ያዘ።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ትግራይ ዘመቱ። ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ሁለቱ አማቾች ተገናኙ። በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር የተክለ ጊዮርጊስን ጦር 60 ሺህ፣ የካሳን 12 ሺህ ያደርገዋል። ትንሹ ጦር አሸነፈ። ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው በእስር ሳሉ ሞቱ። ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የላስታ ሰው ንጉሠ ነገሥት የሆነበት ዘመን ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ አበቃ።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ ቢሆን ቸኩሎ ይፈርዳል፤ «ካሳ ብልህ፣ ጎበዜ ሞኝ» ይላል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲያው ነበር የመሰለኝ። ነገሩ እስከ መጨረሻው ሲታይ ግን ሌላ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሁለት ጊዜ ድል አደረጉ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1876፣ ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተፈራረሙ። ሂዌት የሚባለው እንግሊዛዊ ያመጣው ውል ነው። በውሉ መሠረት ቦጎስ ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ በምፅዋ በኩል ዕቃ በነፃ ይተላለፋል። በምትኩ ዮሐንስ በመሀዲስቶች የተከበበውን የግብፅ ጦር ያወጣሉ። እርሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ፤ በዚህም መሀዲስቶችን ደመኛ አደረጉ። እንግሊዝስ? ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ምፅዋን ሲይዝ ፈቅዳ ዝም አለች። ዮሐንስ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ከመሀዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

ስለዚህ መድፉን ያገኘውም ያላገኘውም በአንድ ሚዛን ላይ ነበሩ፤ ሚዛኑን የያዘው እጅ ግን የሁለቱም አልነበረም። ካሳ መንገዱን ሸጦ ዋጋ ተቀበለ። ገዥው ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ሌላ ሻጭ አገኘ። ወዳጅነት የሚባለው ነገር በመንግሥታት መካከል የሚቆየው ጥቅሙ እስካለ ድረስ ነው። ይህን ክፉ ነው ብሎ ማልቀስ አይጠቅምም፤ አውቆ መደራደር ነው የሚጠቅመው።

ስለ ውል ካነሣን ዮሐንስ በሞቱ በሁለተኛው ወር፣ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ከላስታ ብዙ በማይርቀው ውጫሌ ላይ ምኒልክና ጣሊያን ተፈራረሙ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ በውጭ ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላላክ «ይችላሉ» የሚል መንፈስ ሲኖረው፣ በጣሊያንኛው ግዴታ አደረገባቸው። ከአንድ ግሥ ልዩነት የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት ሊጠፋ ነበር። ምኒልክ ውሉን ሰረዙ፤ ክርክሩ የተዘጋው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው። እውቅናም ከዚያ በኋላ በየአገሩ መልእክተኛ ተሸክሞ አዲስ አበባ መጣ። ቴዎድሮስ በደብዳቤ ለምነው ያጡትን ምኒልክ በጦር አገኙት። ይህ የዘመኑ ሕግ ነበር፤ ሕጉ ጥሩ ነው አላልኩም።

መ. የጋራ ደኅንነት

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታት ሌላ ሐሳብ አመጡ። እያንዳንዱ ብቻውን ሚዛን ከሚጠብቅ ሁሉም በአንድ ማኅበር ይግባ፤ አንዱን የነካ ሁሉን እንደነካ ይቆጠር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደማለት ነው። ኢትዮጵያም በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ይህ ለትንንሽ አገሮች ትልቅ ተስፋ ነበር። መድፍ የሌለው አንቀጽ ይኖረዋል።

አንበሳው በ1928 ዓ.ም. መጣ፤ ድሩ ግን ላላ። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ማዕቀብም ጣለ። ነገር ግን ነዳጅ በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከብ ክፍት ሆኖ ቆየ። ከሰማይ የመርዝ ጋዝ ወረደ። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን ሆነ፤ ሠራዊቱ በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍግ ተደበደበ። ያ አሸንጌ ናፒየር ወደ መቅደላ ሲወርድ ያለፈበት ነው።

ከዚያ ሽሽት መካከል አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመንገዳቸው ወጣ ብለው ለጸሎት ላሊበላ ገቡ። ይህን በሐሳቤ ደጋግሜ አያለሁ። ሠራዊቱ ፈርሷል፤ ጠላት ወደ ዋና ከተማው እየገሰገሰ ነው፤ የአንድ የዓለም ማኅበር አባል የሆነ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ከአለት በተፈለፈለ ቤት ውስጥ ቆሟል። በሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ ወጡ። በሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ለማኅበሩ ተናገሩ። ከላሊበላ እስከ ጄኔቭ ሦስት ወር አልሞላም። በሐምሌ ማኅበሩ ማዕቀቡን አነሣ።

ድሩ ሲበጠስ ግን መሬቱ ላይ የቀረ ሰው ነበር። በ1929 ዓ.ም. ክረምት የዋግና የላስታ ሰው በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት በጣሊያን ላይ ተነሣ። ደጃዝማች ኃይሉ የዋግሹሞች ዘር ናቸው። ተዋግተው በመስከረም 1930 ወደቁ፤ ጠላትም ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ አደረገ። ጄኔቭ ላይ ድምፅ ሲሰጥ የእኒህ ሰዎች ስም አልተጠራም። ሆኖም ማኅበሩ የተወውን አንቀጽ በደማቸው የጻፉት እነርሱ ናቸው። የጋራ ደኅንነት የሚባለው ነገር ዛሬም የሚፈተነው በዚሁ ነው። ሁሉም አገር ይፈርማል፤ ችግሩ የፈረመውን ለመፈጸም ኪሱ ሲጎዳ ነው።

ሠ. ዕርዳታ

የመጨረሻው ቃል ለእኔ ትውልድ ይቀርባል። እኛ ቤት ውኃ የምናጠራቅምበት ቆርቆሮ የዕርዳታ ዘይት የመጣበት ነበር። በላዩ ያለውን እንግሊዝኛ ማንበብ የቻልኩት ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ነው። ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ ነው ይላል። እናቴን፣ «እማዬ፣ ይህን የሰጠን ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ቀበሌ ነዋ፤ ተሰልፌ ነው ያመጣሁት» አለችኝ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን።

ዕርዳታ ከሉዓላዊነት ጋር ያለው ጠብ በወሎ ምድር ሁለት ጊዜ ታይቷል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ሲገባ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ስም ይጠፋል፤ ቱሪስት ይቀራል። የዚያን ጊዜው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ተማሪውም አየ። በ1966 መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የዲምብልቢ ፊልም ለዓለም አሳየ። እዚህ ላይ ሉዓላዊነት መጋረጃ ሆኖ ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ይሞታል።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከኮረም የተነሣ የቴሌቪዥን ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ስንዴ በአውሮፕላን መጣ፤ ዘፋኞች ዘፈኑ፤ ገንዘብ ተሰበሰበ። ነገር ግን ላስታና ዋግ የጦርነት ቀጠና ነበሩ። ስንዴው የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው በረሃቡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ መንገዱን ማን ይዞታል በሚለውም ነው። በዚያው ወቅት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ ተወሰደ። በፈቃዱ የሄደ አለ፤ ሳይወድ የተጫነም አለ። ለጋሽ አገሮች ተከራከሩ፤ መንግሥት መለሰ፤ ስለ ሉዓላዊነት ብዙ ተባለ። ገበሬው ግን እንደ 1860ው ሁሉ እንደገና አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንዱ፣ «ሰው ሲሞት ድንበር ምን ያደርጋል? ዓለም ይግባ» ይላል። ሁለተኛው፣ «ዛሬ በስንዴ የገባ ነገ በመድፍ ይገባል» ይላል። ናፒየርን ያስታወሰ ሁለተኛውን አይንቅም። ወሎን ያየ ደግሞ የመጀመሪያውን አይንቅም። እኔ በሁለቱ መካከል የምጠይቀው አንድ ነው፤ ሉዓላዊነቱ የማን ነው? የሕዝቡ ከሆነ፣ ሕዝቡን በረሃብ የሸሸገ መንግሥት ሉዓላዊነትን አልጠበቀም። ሕዝቡን ሳይጠይቅ የሚገባ ለጋሽም አላከበረም።

መደምደሚያ

በ1970 ዓ.ም. የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። መዝገቡ መጀመሪያ ሲከፈት የተጻፉት ሥፍራዎች 12 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ የእኛ። የዓለም ቅርስ ማለት ትልቅ ክብር ነው፤ ከባድ ጥያቄም ነው። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል ከላሊበላ ተሰርቆ ቤልጅየም ተገኘ፤ በ1993 ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ትላልቅ የብረት መጠለያ ተሠራ። ቆይቶ ሕዝቡ «ይህ ብረት ወድቆ አለቱን እንዳይጎዳብን» ብሎ አደባባይ ወጣ። ዓለም ቅርሱን ሲመዘግብ ጠባቂውን ጨምሮ መዝግቦ እንደሆነ የጠየቀው ያ ሰልፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከተማይቱም እስከ 2014 ከእጅ እጅ ተለዋወጠች። ዓለም ስለ አለቱ ደኅንነት ብዙ ጠየቀ። ባላገሩ ያን ጊዜ መብራትም ስልክም ባንክም አልነበረውም።

እንግዲህ ወዳጄ፣ የብልባላን ገበሬ ምን አገባው ላልከኝ መልሴ ይህ ነው። ገብቶበታል፤ ከጥንት ጀምሮ ገብቶበታል። ገብሱን ሸጧል፤ ጦር አሳልፏል፤ ንጉሡን አጥቷል፤ ስንዴ ተቀብሏል፤ ቅርሱን ጠብቋል። ያልገባው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ውሉ ሲነበብ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ የጻፏቸው አምስት ቃላት ሁሉ «መንግሥት» የሚለውን ስም ባለቤት አድርገው የሚነበቡ ናቸው። መንግሥት ይፈርማል፣ መንግሥት ያውቃል፣ መንግሥት ይረዳል። መንገዱ ላይ የሚኖረው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ውጭ ነው።

ይህን ስል መንግሥት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። መንግሥት የሌለው ሕዝብ በዓለም መካከል ምን እንደሚገጥመው አይተናል። ነገር ግን እኛ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ገብተን ውል የምንረቅቅ፣ ዕርዳታ የምንመድብ፣ አንቀጽ የምንተረጉም ሰዎች ነን። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ሲዘረጋ፣ በሁለት ከተሞች መካከል ያለችው ቀጭን መስመር ላይ ሰው እንደሚኖርባት እናስታውስ። ከመፈረማችን በፊትም ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ «እዚያ ያለውን ማን ጠየቀው?» እንበል።

ጓደኛዬ ይህን አንብቦ መልስ ካለው ይጻፍ። መልሱን በሚቀጥለው እትም በደስታ አነባለሁ።